የሥዕሎችሽ ባሕር መዝገብ

ልጄ፣

ባለፈው ቅዳሜ ከቤቴ ስትወጪ ፊትሽ ደስ አላለኝም። ለጀማሪ ሠዓልያን በተዘጋጀው የንግድ ሥልጠና መመረጥሽን ነግረሽኝ እኔ እልል ልል ስል አንቺ አቀረቀርሽ። «ጋሼ፣ ጓደኞቼ ‘ነጋዴ ልትሆኚ ነው እንዴ’ አሉኝ» አልሽ። ሁለተኛውን ቡና እንኳ ሳትጠጪ ተነሣሽ። ልመልስልሽ የፈለግሁት ብዙ ነበር፤ እንግዳ ስለነበረብኝ «ሂጂ፣ እንዳትቀሪ» ብቻ ብዬ ሸኘሁሽ። ሥልጠናው ሰኞ ይጀመራል ብለሻል። ከሰኞ በፊት እንዲደርስሽ ብዬ ይህን ጻፍሁ።

ጓደኞችሽ ክፉ አስበው አይደለም። እኔም በእነሱ ዕድሜ እንዲሁ ነበር የማስበው፤ ሥዕልና ገንዘብ በአንድ አፍ ሲጠሩ ሥዕሉ የሚረክስ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን በአገራችን ሥዕልና ዋጋ ተለያይተው አያውቁም። አዲስ አበባ ገና ልጅ ከተማ ሳለች እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሠዓልያን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የለመዱትን አሣሣል ወደ ጨርቅ አውርደው ለውጭ አገር ሰዎች ይሸጡ ነበር። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአርባ አራት ትንንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ የሚያሳየውን ሥዕል ታውቂዋለሽ። ያ ሥዕል ባሕር ተሻግሮ በየሙዚየሙ የገባው ሠዓልያኑ ስለሸጡት ነው። በመሸጣቸው የጎደለብን ነገር የለም። በብዙዎቹ ላይ ግን የሣለው ሰው ስም የለም፤ ማን እንደሣለው፣ መቼ እንደሣለው፣ ለማን እንደሸጠው የጻፈ አልነበረም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም የእኔም ሕይወት በዚያው መንገድ ሄዷል።

ከትምህርት ቤት የወጣሁት በ1974 ዓ.ም. ነው። የዚያን ጊዜ የሠዓሊ እንጀራ መፈክርና ፖስተር ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ ተቀጥረን ለበዓል ትልልቅ ምስል እንሥል ነበር፤ ደመወዝ ነበረን፣ ዋጋ ግን አልነበረንም። የራሴን ሥዕል ማታ ማታ ነበር የምሠራው። ዘመኑ ሲለወጥ ደመወዙ ቀረና ሥዕሎቼን ይዤ ገበያ ወጣሁ። እንዴት እንደሚሸጥ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሰው ሲመጣ፣ ሲያደንቅ፣ ስንት ነው ሲለኝ አፍሬ መሬት መሬት እያየሁ የመጣልኝን ቁጥር እጠራ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. የእናቴን ሥዕል ሸጥሁ። እናቴ ደሴ ከቤታችን ደጃፍ ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል የሚያሳይ ነበር፤ ቁመቱ ስድሳ፣ ወርዱ አርባ አምስት ሳንቲ ሜትር። እንዝርቱ ከእጇ አምልጦ አየር ላይ እንዳለ ነው የሣልሁት። የሦስት ወር የቤት ኪራይ ውዝፍ ነበረብኝ። አንድ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ የሚመለስ የውጭ ዜጋ መጣ፤ 600 ብር ከፈለኝ፣ ሥዕሉን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሄደ። ስሙን አልጠየቅሁትም። ሥዕሉንም ፎቶ አላነሣሁትም፤ ፊልም ውድ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ እናቴ ዐረፈች። በ2010 ዓ.ም. ወዳጆቼ ተሰብስበው የዕድሜ ልክ ሥራዬን የሚያሳይ ዐውደ ርዕይ እናዘጋጅልህ ሲሉኝ በትዝታ ብቆጥር ከሦስት መቶ በላይ ሥዕል ሸጫለሁ። ፈልገን ያገኘነው 19 ነው። ዐውደ ርዕዩ ቀረ።

እንግዲህ የምመክርሽ ከዚህ ተነሥቼ ነው። ወደ ሥልጠናው ስትገቢ ሀብታም መሆኛ ፍለጋ አትግቢ። ሥራሽ ከእጅሽ ሲወጣ ስምሽንና ታሪኩን ይዞ እንዲወጣ የሚያደርገውን ዘዴ ፈልጊ። ገንዘቡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲመጣም የት እንደገባ ታውቂዋለሽ።

የዚህ ዓይነት ሥልጠና ከየት እንደመጣ ብታውቂ ፍርሃትሽን ያቀልልሻል። ዴቪድ ማክሌላንድ የተባሉ የሃርቫርድ የሥነ ልቦና ምሁር ሥራ ፈጣሪዎችን ከሌላው ሰው የሚለያቸው ምን እንደሆነ ሲያጠኑ ኖረዋል። በዚያ ጥናት ላይ ተመሥርቶ የተባበሩት መንግሥታት ኤምፕሬቴክ የሚባለውን ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ1988 ከአርጀንቲና ጀመረ። በእኛ አገር በ2005 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ማዕከል ይህንኑ ሥልጠና በስድስት ቀን ሲሰጥ ቆይቷል። ያንቺም ስድስት ቀን ነው ስላልሽኝ ከዚያው ግንድ የበቀለ ይመስለኛል። በሥልጠናው የሚነሡት አሥር ጠባዮች ናቸው። መረጃ መፈለግ፣ ግብ ማስቀመጥ፣ የገቡትን ቃል መጠበቅ፣ ለጥራት መጨነቅ፣ አለመታከት እያለ ይሄዳል። አንድ ሸራ ላይ ሁለት ወር የታገለ ሰው እነዚህን ሁሉ ያውቃቸዋል። የጎደለሽን ነገር ልትማሪ እየሄድሽ አይደለም ብዬ ልሸነግልሽ አልፈልግም፤ በስቱዲዮሽ ያለሽን ትጋት ከስቱዲዮሽ ደጃፍ ውጭ አውጥተሽ መሥራት አልለመድሽም። እሱን ትማሪያለሽ።

የመጀመሪያ ሥራሽ ባሕር መዝገብ ይሁን። ወፍራም ሽፋን ያለው፣ ገጹ የማይገነጠል ደብተር። እያንዳንዱ ሥዕል ቁጥር ይኑረው። ርእሱን፣ የተጠናቀቀበትን ቀን፣ መጠኑን፣ በምን ላይ በምን ቀለም እንደተሠራ ጻፊ። ሲሸጥ የገዢውን ስም፣ ስልክ፣ ከተማ፣ ዋጋውን ጨምሪ። ሲታይ የት ዐውደ ርዕይ ላይ እንደታየ ጻፊ። ከሸራው ጀርባም ስምሽን፣ ርእሱን፣ ዓመቱንና ያንኑ ቁጥር አስፍሪ፤ ፊት ለፊት ያለው ፊርማሽ ብቻውን አይበቃም፣ ፍሬም ሲቀየር ይሸፈናል፣ ሲታተም ይቆረጣል። ፎቶ ደግሞ ዛሬ ያለ ዋጋ ነው። ጠዋት፣ ጥላ ባለበት፣ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ቀጥ ብሎ ተሰቅሎ ይነሣ፤ አንዱን ፎቶ ሙሉውን፣ አንዱን ጠጋ ብለሽ፣ አንዱን ጀርባውን። ስልክሽ ላይ ብቻ አታስቀምጪው፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል። ኢሜልሽ ላይም ይኑር፣ ወንድምሽ ኮምፒውተር ላይም ይኑር።

ይህን ሁሉ ገዢን መጠየቅ የምታፍሪ እንደሆነ አውቃለሁ። «ስምዎን ልጻፍ?» ማለት ፖሊስ የሆንሽ ያስመስልሽ ይሆናል። ልምዴ ግን ሌላ ነው፤ ገዢ ስሙ በሠዓሊ መዝገብ ሲገባ ደስ ይለዋል፣ የሥዕሉ ወገን የሆነ ይመስለዋል። በሚቀጥለው ዐውደ ርዕይሽ የምትጠሪውም እሱን ነው።

ገብረ ክርስቶስ ደስታን አስቢ። ከአገር ወጥቶ በ1973 ዓ.ም. አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ ሲያርፍ ሥራዎቹ በየአገሩ ተበትነው ነበር። ስድስት ኪሎ አካባቢ በስሙ የተሰየመውን ሙዚየም ሄደሽ አይተሻል። በጀርመን ሰዎች ጠብቀው ያቆዩአቸው ሥዕሎቹ ባይመለሱ ኖሮ የአንቺ ትውልድ እሱን የሚያውቀው በአብዛኛው በግጥሙና በወሬ ነበር። በሌላ በኩል የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌን ተመልከቺ። የአፍሪካ አዳራሽን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል በትእዛዝ የሠሩ፣ ትልልቅ ሥራ ተቀብለው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሆኖም ብዙ ሥዕላቸውን ሳይሸጡ ቪላ አልፋ በሚባለው ቤታቸው አስቀርተው ነበር። ምን እንደሚሸጡና ምን እንደማይሸጡ ያውቁ ነበር ማለት ነው። አንቺም ከየዓመቱ ሥራሽ አንዱን፣ የተሻለውን፣ ለራሴ ብለሽ አስቀሪ። መዝገቡ ላይ «አይሸጥም» ብለሽ ጻፊበት። ኪራይ ሲደርስብሽ ያ ቃል ይይዝሻል። እኔን የሚይዘኝ ቃል አልነበረኝም።

አሁን ስለ ዋጋ። ሠልጣኞች በጣም የሚፈሩት ይህን ነው ይባላል፤ ሂሳቡ ግን የጉሊት ሂሳብ ነው። ሰማንያ ሳንቲ ሜትር በመቶ ሳንቲ ሜትር የሆነ ሥዕል በ12,000 ብር ሸጥሽ እንበል። ጋለሪው አርባ በመቶ ይወስዳል እንበል፤ ከዚያ በላይ የሚወስዱም፣ እስከ ግማሽ የሚደርሱም አሉ። በእጅሽ 7,200 ይቀራል። ለሸራና ለቀለም 2,800 አውጥተሻል፣ ለፍሬም 1,200። የስቱዲዮ ኪራይሽ በወር 6,000 ሆኖ በወር ሁለት ሥዕል ብትጨርሺ ለአንዱ 3,000 ይደርሰዋል። ድምሩ 7,000 ነው። የሁለት ሳምንት ድካምሽ 200 ብር ሆነ ማለት ነው፤ ታክሲ አልቆጠርንም፣ ምሳ አልቆጠርንም። እኔ ለሠላሳ ዓመት በዚህ ዓይነት ስሠራ «ሸጥሁ» ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ቁጭ ብዬ አስልቼው አላውቅም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው ቀለም እንዴት እንደተሰቀለ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። የአምናውን ዋጋ ዘንድሮ መጥራት አትችዪም። አቡጀዲ ወጥረሽ በኮላና በነጭ ቀለም ራስሽ ማዘጋጀትሽን ቀጥዪ፤ አያሳፍርም፣ ግን ሰዓቱንም ቁጠሪው።

ዋጋ አንዴ ካወጣሽ በኋላ በሁሉም ቦታ አንድ ይሁን። ጋለሪ ላይ 20,000 ያልሽውን ስቱዲዮሽ ለመጣ ሰው በ11,000 ከሰጠሽ ከተማው ትንሽ ነው፣ በሳምንቱ ይሰማል። ጋለሪው ሁለተኛ አያምንሽም፤ ቀድሞ በሙሉ ዋጋ ከአንቺ የገዛ ሰውም እንደተሞኘ ይሰማዋል። ለዘመድ መቀነስ ካስፈለገ በግልጽ ቅናሽ መሆኑን ደረሰኙ ላይ ጻፊ። ደረሰኝ ስል፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርሽን ቶሎ አውጪ። ባንክና ሆቴል ያለ ደረሰኝ አይከፍሉሽም፤ ትልቁ የሕንፃ ግድግዳ ደግሞ የእነሱ ነው።

በክረምት ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጡት ወገኖቻችን ሌላ ዓይነት ገዢ ናቸው። ሻንጣቸው ሙሉ ነው፤ ትልቅ ፍሬም ይዘው መሄድ አይችሉም። ሸራውን ከወጠርሽበት እንጨት ፈትተሽ፣ በደንብ መድረቁን አረጋግጠሽ፣ ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ በወፍራም ቱቦ ላይ ጠቅልዪላቸው። ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ቀለሙ ይጨማደዳል። ቅርስ አለመሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ከቅርስ ባለሥልጣን ቀድመው እንዲያወጡም ንገሪያቸው፤ ቦሌ ላይ ሲጉላሉ የሚያስታውሱት የአንቺን ስም ነው።

ውል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ ተጎድቻለሁና። በሚሊኒየሙ ዋዜማ አንድ ድርጅት ባሳተመው የቀን መቁጠሪያ ላይ ሥዕሌን አየሁት። የኅዳር ወር ገጽ ላይ ነበር። ፊርማዬ ከጥጉ ተቆርጧል፣ ስሜ የትም የለም። ሄጄ ስጠይቅ «ሥዕሉን እኮ በገንዘባችን ገዝተናል» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ውል የለኝ፣ ፎቶ የለኝ፣ መቼ እንደሸጥሁት የሚያሳይ ወረቀት የለኝ። ወጥቼ ሄድሁ። ሕጉ ግን ያኔም ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ይባላል። መብቱ ሥዕሉን ከሠራሽበት ጊዜ ጀምሮ ያንቺ ነው፤ በሕይወት እስካለሽ፣ ካንቺም በኋላ ለወራሾችሽ ሃምሳ ዓመት ይቆያል። ሸራውን የገዛ ሰው ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል እንጂ በቀን መቁጠሪያ፣ በቲሸርት፣ በማስታወቂያ ላይ የማባዛት መብት አብሮ አልገዛም። ያንን መብት የምትሰጪው በጽሑፍ ነው፤ ለስንት ቅጂ፣ ለስንት ጊዜ፣ በስንት ብር እንደሆነ ተጽፎ። ከጋለሪ ጋርም ሥዕል ስታስረክቢ የእያንዳንዱን ቁጥርና ዋጋ ዘርዝረሽ ተፈራረሚ፤ ሲሸጥ በስንት ቀን እንደሚከፍሉሽ፣ ካልተሸጠ መቼ እንደሚመልሱ፣ ቢጎዳ ማን እንደሚጠየቅ። አስቀያሚ ጥያቄ ይመስልሻል። ወዳጅነት የሚፈርሰው ሳይጻፍ በቀረው ነገር ላይ ነው።

ሥልጠናው ውስጥ አንድ የምጠራጠረው ነገር አለ፤ ልደብቅሽ አልፈልግም። ገበያው የሚፈልገውን አጥንተሽ እሱን አምርቺ ይሉሻል። ለሳሙና፣ ለጫማ ልክ ነው። እኔ ሞክሬዋለሁ። ነጭ ነጠላ ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የቆሙ ሴቶችን አንዴ ሣልሁ፣ ወዲያው ተሸጠ። ደገምሁት፣ ተሸጠ። ለስምንት ዓመት ደገምሁት። በስምንተኛው ዓመት ዓይኔን ጨፍኜ መሣል እችል ነበር፤ ሌላ ነገር ለመሣል ስቀመጥ ግን እጄ ራሱ ነጠላ ወደ መሣል ይሄድብኝ ነበር። ከዚያ ለመውጣት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ምንም አልሸጥሁም። ስለዚህ መምህሮቹ ይህን ሲሉሽ በትሕትና አድምጪና በልብሽ ገልብጪው፤ መጀመሪያ ሥራሽ ምን እንደሆነ እወቂ፣ ቀጥሎ ያንን ሥራ የሚፈልገው ሰው የት እንዳለ ፈልጊ። ታደሰ መስፍን የጉሊት ሴቶችን እንደ ሐውልት አቁሞ ሲሥል ኖሯል፤ ለአስርት ዓመታትም አስተምሯል። ዛሬ እነዚያ ሴቶች ለንደን ድረስ ሄደው ይታያሉ። እሱ ካስተማራቸው አንዱ ተስፋዬ ኡርጌሳ እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ ቢዬናሌ የራሷን ፓቪሊዮን ስትከፍት ብቻውን የወከላት ሠዓሊ ነው። ኤልያስ ስሜን ደግሞ እዪ፤ ሰው የጣለውን የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር ሰሌዳ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ እየሰበሰበ ሲሠራ ማን ገበያ አጥንቶ ያንን አምርት ይለው ነበር? ከጎኑ ግን መስከረም አሰግድ ነበረች፤ ዞማ የሚባለውን የሥነ ጥበብ ማዕከል አብረው አቆሙ፣ በ2011 ዓ.ም. መካኒሳ ላይ ሙዚየም አድርገው ከፈቱት። እሱ ይሠራል፣ እሷ ሥራው የት መታየት እንዳለበት ታውቃለች። ስድስቱን ቀን አብረውሽ ከሚቀመጡት መካከል እንዲህ ያለ ሰው ካገኘሽ ከማስታወሻሽ ሁሉ ይበልጣል።

ስለ ሥራሽ ተነሥተሽ እንድትናገሪም ያደርጉሻል። እዚህ ላይ አስተዳደጋችን ይይዘናል፤ ስለ ራስ መናገር ጉራ ነው ተብለን አድገናል። «ሥዕሉ ራሱ ይናገራል» እያልን ጥግ እንቆማለን። ሥዕሉ ይናገራል፤ ነገር ግን ማንን እንደሣልሽ፣ ለምን ቀዩን ቀለም ከታች እንዳደረግሽው ብትነግሪው ተመልካቹ ሁለት ደቂቃ ይቆያል፣ ዝም ካልሽው አልፎ ይሄዳል። አያትሽ ስለምትሸጠው ሽንኩርት እንዴት እንደምታወራ አስታውሺ። የመጣበትን አገር፣ የደረቀበትን ቀን ትናገራለች። ጉራ ብለሻት አታውቂም።

ከሥልጠናው ስትወጪ ብቻሽን አትሁኚ። አምስት ስድስት ሆናችሁ እቁብ ግቡ፤ የአንዱ ዕጣ የአንዱን ዐውደ ርዕይ ይክፈል፣ ካታሎጉን ያሳትም፣ አዳራሹን ይከራይ። ባንክ ሥዕልን መያዣ አድርጎ ማበደር አልለመደም፤ እቁብ ግን በሰው ይታመናል። ቀነ ገደብ ያላቸውን የውድድርና የሠዓልያን ነፃ ቆይታ (ሬዚደንሲ) ዕድሎችም ተከፋፍላችሁ ተከታተሉ፤ አንድ ሰው ብቻውን ሁሉን አያይም።

ሰኞ ጠዋት ቁርስሽን ሳትበዪ እንዳትሄጂ። ቅዳሜ ሥልጠናው ሲያልቅ በቀጥታ ወደ እኔ ነይ፤ ወፍራም ሽፋን ያለው ባሕር መዝገብ ገዝቼ አስቀምጬልሻለሁ። እኔም ለራሴ አንድ ገዝቻለሁ። ያገኘናቸውን 19 ሥዕሎች ጽፌ ጨርሻለሁ። ሃያኛው መስመር ላይ የእናቴን ሥዕል አስገብቻለሁ፤ ርእስ፣ «እናቴ ስትፈትል»፤ መጠን፣ 60 በ45፤ ቀለም፣ የዘይት ቀለም በአቡጀዲ ላይ፤ ዓመት፣ 1985 ዓ.ም.። የገዢው ስም የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ ተውሁት። ጀርባው ላይ በእርሳስ «ደሴ» ብዬ መጻፌን አስታውሳለሁ፤ አንቺ በኢንተርኔት መፈለግ ትችያለሽና ቅዳሜ አብረን እንሞክር።

ጋሼሽ